ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማና ስለ እንዶድ



ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ ተብለን በኮሚቴው ስንታዘዝ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር አርበኞች መጻፍ አላሰኘንም። እነሱን ብዙ ሰው ጽፎላቸዋል። እኛ የመረጥነው ጠመንጃ ሳያነሱ ከአንድ ትልና ከአንዲት ቀንድ አውጣ ጋር ሲታገሉ ዕድሜያቸውን የፈጁትን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነው። እኚህ ሰው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በዘመናቸው ስማቸው በዓለም የተሰማ ቢሆንም ከኛ መካከል የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው እንደሆነ ባለፈው የወር ስብሰባ ላይ ጠይቀን ተረድተናል። እንዲያውም አንዳንዱ ከጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር አምታቷቸዋል።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነገር እናስታውቅ። የሳቸው ሥራ የተመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እኛም እንዳለ በፈረንጁ አስቀምጠነዋል። ወደኛ ለመመለስ የሚፈልግ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ያለውን ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ስምንት ይቀንስ። በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ሳለን በዚህች ሒሳብ የስንቱ ሰው ጡረታ ሲዛባ ስላየን ነው ይህን ማንሳታችን።

ወደ ነገሩ እንግባ። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ዓሣ አስጋሪ የዕድራችን አባል ነበር። ስሙን አንጠራም፤ ልጆቹ አሁንም በመካከላችን አሉ። መረቡን ይዞ ከንጋት እስከ ረፋድ ውሃ ውስጥ የሚቆም፣ ጉልበታም፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ኋላ ላይ እጅና እግሩ እየከሳ፣ ሆዱ ብቻ እየተነፋ መጣ። አንድ ሌሊት ደም አስታወከና በማግሥቱ አረፈ። ድንኳን ተክለን ለቅሶ ስንቀመጥ የነበረው ወሬ አንዱ መተት ነው ሲል፣ ሌላው የለም ቡዳ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ አረቄ ነው ሲል ነበር። ይባስ ብሎ ሐሜቱ ወደ ሚስቱ ዞረና ያቺ ሴት በባሏ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ተጨመረባት። እቃ ለመዋስ እንኳ ወደ ቤቷ የማይገባ ጎረቤት ነበር። ሰውየው በምን እንደሞተ ዛሬ ላይ ሆነን ማረጋገጥ አንችልም፤ የመረመረው የለም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ስለ ቢልሃርዝያ ሲነገር ስንሰማ ምልክቱ ሁሉ ያ ሰው ሆኖ ታየን። ስለ ዶክተር አክሊሉ ማንበብ የጀመርነውም ከዚያ ወዲህ ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ አስከሬን ሲመረምር ትሉን ከደም ሥር ውስጥ አገኘው። በሽታው ግን ከሱ በፊት ሺህ ዓመታት የኖረ ነው፤ ከጥንት ግብፃውያን የደረቀ ሬሳ ውስጥ የትሉ እንቁላል ተገኝቷል።

ትሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በኛ አገር በብዙ ቦታ የሚገኘው ዓይነት፣ ወንዱና ሴቷ ተቃቅፈው በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ ለዓመታትም ይቆያል። ሴቷ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። ሰውን የሚገድለው ይሄኛው ነው። ጉበቱ ይጠጥራል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፤ በመጨረሻም በምግብ መውረጃው ላይ ያለው የደም ሥር ተወጥሮ ሲፈነዳ ሰውየው ደም ያስታውካል። ይህ በአንድ ቀን የሚመጣ ሳይሆን ዓመታት የሚፈጅ ስለሆነ ሰው ነገሩን ከውሃው ጋር አያገናኘውም።

አሁን የነገሩ ቁልፍ ያለበት ቦታ ላይ ደረስን። ከዓይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር ግን በቀጥታ ወደ ሰው አይሄድም። መጀመሪያ አንዲት የውሃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አይኖርም። ካገኘ ግን ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ሲራባ ይቆይና፣ አንድ የነበረው ሺዎች ሆኖ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። ያን ጊዜ ውሃው ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ልብ በሉ፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ መቆም ይበቃል። አጣቢዋ፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ከብት አጠጪው፣ የሚዋኘው ሕፃን ሁሉ እዚያው ናቸው። እንግዲህ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ትሉም የለም ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ በዚህ በኩል ነው የመጡበት።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 የጣልያን ጦርነት በጀመረበት ዓመት ነው። ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤት ገብቶ ጎበዝ ሆኖ የወጣ ልጅ ወደ ውጭ አገር ይላክ በነበረበት ዘመን እሳቸውም ወደ አሜሪካ ሄደው ተማሩ። ዶክትሬታቸውን የሠሩት ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የደከሙበት ጉዳይ ቢልሃርዝያ አልነበረም። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን፣ በቆላ ካላዛር የሚባለውንና በደጋ ፊት ላይ ወጥቶ ቁንጭር የምንለውን በሽታ የሚያመጣውን ተውሳክ ነበር ከሰው ገላ ውጭ በላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ያጠኑት። ይህን የምንጠቅሰው ሰውየው ለቢልሃርዝያ ተብለው የተዘጋጁ እንዳልነበሩ ለማሳየት ነው። ዕድሜያቸውን የወሰደባቸው ጉዳይ መንገድ ላይ ያገኙት ነው ቢባል ይቀላል።

አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ አድዋ ወጡ። ሥራቸው በከተማው ወንዞች ውስጥ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች የት የት እንደሚገኙ ማጥናት ነበር። አድዋ ሲባል ለኛ ጦርነቱና ድሉ ነው የሚታሰበን። ያን ጊዜ ግን ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ትሉን በሆዱ ይዞ የሚዞር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን በወንዙ ዳር ሲሄዱ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ ያገኛሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ለወጣቶቹ አባሎቻችን ስለ እንዶድ እንንገር፤ የዛሬ ልጅ ዱቄት ሳሙና እንጂ እንዶድ አያውቅምና። እንዶድ በአጥርና በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ በጥሬው አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ይቀላል። ተለቅሞ ይደርቅና ይወቀጣል። እኛም በልጅነታችን እናታችን ሙቀጫውን ሰጥተውን ስንወቅጥ ብናኙ አፍንጫችን ውስጥ እየገባ ያስነጥሰን ነበር። ዱቄቱ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ለጥምቀት የሚለበሰው ነጠላና ጋቢ በሱ ሲታጠብ የሚያወጣው ንጣት ዛሬ በምንም ሳሙና አይገኝም፤ ይህን ስንል የኛ ዘመን ሰው ሁሉ ይመሰክርልናል።

ወደ ወንዙ እንመለስ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በላይ በኩል ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። አረፋው ከሚወርድበት ከታች በኩል ግን ሞተው ይንሳፈፋሉ። እዚያ ወንዝ ዳር ከዚያ በፊት ስንት ሰው አልፏል፤ ሴቶቹም ቢሆኑ በየሳምንቱ እዚያው ነበሩ። ያዩትን ለበሽታው ያዛመደው ግን አልነበረም፤ ምክንያቱም ሴቶቹ እንዶዱን ያውቃሉ እንጂ ቀንድ አውጣዋ ምን ይዛ እንደምትዞር የነገራቸው የለም። ቀንድ አውጣዋን የሚያውቁት ሊቃውንት ደግሞ እንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ ዳር አልቆሙም። ሁለቱን ዕውቀት ይዘው አንድ ቦታ ላይ የተገኙት እሳቸው ናቸው። ወዲያው ሕያው ቀንድ አውጣ በዕቃ ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ተጨማደው ደም እየፈሰሳቸው ሞቱ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በዚህ ነው፤ ማይክሮስኮፕም፣ የፈረንጅ መሣሪያም አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው እንዶዱን በላቦራቶሪ ፈተኑትና የመጀመሪያውን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በማግሥቱ ዓመት በ1966 በያኔው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙና የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ። ፓቶባዮሎጂ ማለት የበሽታን መነሻና አካሄድ የሚያጠና ትምህርት ነው። በዚያ ቤት ቢልሃርዝያ ብቻ ሳይሆን ካላዛርና ሌሎችም ተውሳኮች ተጠንተዋል። እሳቸው ራሳቸው ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርደው በመስኖ እርሻዎቹ አካባቢ ያለውን ቢልሃርዝያ መርምረው በ1969 አስታውቀዋል። የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ጥጥና ሸንኮራ ብቻ ሳይሆን ቀንድ አውጣም አብሮ እንደሚገባ ቀደም ብለው የተናገሩ ሰው ነበሩ። ቦይ የሚያስቆፍር ሁሉ ይህን ቢያነብ ጥሩ ነበር፤ እዚህ ላይ እንለፈው።

ስለ እንዶድ ጠባይ የተገኘው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣው ነገር በጣም በቀጠነ ውሃ እንኳ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ከዚያ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ጠፍቶ ይበተናል፤ እንደ ፋብሪካ መርዝ መሬቱ ላይ ተኝቶ አይቀርም። የቀንድ አውጣዋን እንቁላል ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣም ይገድላል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን። አሜሪካን አገር በካሊፎርኒያ የሚገኝ የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት የሚገድለውን ንጥረ ነገር ከፍሬው ለይተው ሲያወጡ አንደኛውን ለማቶክሲን አሉት፤ ከዶክተር አክሊሉ አባት ስም የተወሰደ መሆኑ ነው። የለማ ስም በፈረንጅ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ገብቶ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትልቁ ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ነገሩ ወደ ተጀመረበት ወደ አድዋ ተመልሰው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አምስት ዓመት ሙሉ በወንዞቹ ላይ እንዶድ ሲጨምሩ ከረሙ። ፍሬው ከዚያው ከአካባቢው የተገኘ፣ የወቀጡትና የጨመሩትም የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሥራው ሲጀመር ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ 50ው በሽታው ነበረባቸው፤ ሲያበቃ ከመቶ 7 ብቻ ሆነ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ደግሞ ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ። የትልልቆቹ ቁጥር ያን ያህል ያልወረደው ቀድሞ የያዛቸው ትል በሆዳቸው ውስጥ ዓመታት ስለሚኖር ነው፤ እንዶድ አዲስ እንዳይገባ እንጂ የገባውን አያወጣም። የሕፃናቱ ቁጥር ግን የሚናገረው ግልጽ ነው፤ ወንዙ ንጹሕ ከሆነ ወዲህ ያደገ ልጅ አልተያዘም። ወጪውም ለአንድ ሰው በዓመት አሥር የአሜሪካን ሳንቲም ግድም እንደነበር ተጽፏል። እኛ ከዕድር ገንዘብ ጋር የኖርን ሰዎች ስለሆንን ይህች ሒሳብ በጣም ነው የምትገርመን። በያኔው ገንዘብ ሃያና ሃያ አምስት የኛ ሳንቲም ማለት ናት።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉ የእርሻ ሊቅ ከሥራው ጋር ተቀላቀሉ። እሳቸው የያዙት ሌላ ጥያቄ ነው። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ያፈራል፣ አንዱ ኃይለኛ ነው፣ አንዱን ተባይ አይነካውም። ዶክተር ለገሠ ከየአገሩ ዘር እየሰበሰቡ፣ እየተከሉ፣ እያወዳደሩ ዓመታት ከደከሙ በኋላ ከሁሉ የበለጠውን መረጡ። ቁጥር 44 ተብሎ ይታወቃል። ሁለቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው አልተለያዩም፤ ሽልማትም ሲመጣ አብረው ነው የተቀበሉት።

እንግዲህ ይህን ያነበበ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ፣ እንዶድም በመላው አፍሪካ ወንዞች ላይ የተረጨ ይመስለው ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ስናነብ እንደዚያ ነበር የመሰለን። ያለቀው ግን በጎው ክፍል ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የክርክር ዘመን ነው።

ያን ጊዜ ቀንድ አውጣን ለመግደል በዓለም የሚሠራበት ባየር የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ የሚያመርተው ባይሉሳይድ የተባለ መድኃኒት ነበር። ይሠራል፤ ነገር ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ዕቃ ነው። ከአጥር ላይ በነፃ የሚለቀም ፍሬ ያንን ሊተካ ይችላል ቢባል ደስ የሚለው ድሃ አገር ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በሰውና በእንስሳ ላይ ጉዳት እንደማያመጣ፣ በታወቁና በተመሰከረላቸው ላቦራቶሪዎች፣ በወጣው የምርመራ ደንብ መሠረት ካልተፈተነ በቀር አልቀበልም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ምርመራ አልበቃም። እንዲህ ያለው ፈተና ደግሞ በጣም ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነው። የፋብሪካ መድኃኒት ሲሆን ወጪውን የሚከፍለው ነገ የሚያተርፍበት ፋብሪካ ነው። ከአጥር ላይ ለሚለቀም ፍሬ ማን ይከፍላል?

በኛ በኩል ጥንቃቄው ከንቱ ነበር አንልም። እንዶድ በአፍ ሲወሰድ አደገኛ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሆድ ትል ነው ብለው ጠጥተው የተጎዱ ሰዎች ወሬ በየአገሩ አለ። ሕዝብ የሚቀዳው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር ሊፈተን ይገባዋል። የሚያሳዝነው መፈተኑ ሳይሆን የሚፈትን እስኪገኝ ድረስ ሃያ ዓመት መሄዱ ነው። ዶክተር አክሊሉም ቆይተው ሲናገሩ ችግሩ ከሳይንሱ ይልቅ ድሃ አገር የሠራውን ሥራ አምኖ ለመቀበል ካለመፈለግ የመጣ መሆኑን በግልጽ ገልጸዋል። ይህን የተናገሩት በምሬት ነው ብለን እናምናለን፤ ሆኖም ሥራውን አልተዉትም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ጉዳይ ሥራ ያዙ። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረውን ሁኔታ ሁሉም ያውቀዋል፤ የአድዋም ሥራ ቢሆን በጦርነቱ ዓመታት የሚቀጥል አልነበረም። በኋላም በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ሆኑ። ሰው ከአገሩ ሲርቅ የጀመረውን ይረሳል ይባላል። እሳቸው ግን በሄዱበት ሁሉ እንዶድን ተሸክመው ነው የሄዱት። እ.ኤ.አ. በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ ብቻ የሚነጋገር ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ። የተባለውም በመጽሐፍ ታተመ፤ ከአዘጋጆቹም አንዱ እሳቸው ነበሩ። በመጨረሻ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል የሚባለው የካናዳ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሰጠና የተጠየቀው ምርመራ በደንቡ ተደርጎ ውጤቱ በ1991 ታተመ። አረፋው በወንዙ ላይ ከታየ 27 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በስዊድን አገር የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት አብረው ተሸለሙ። በዚያው ዓመት ሌላም ኢትዮጵያዊ፣ የሰብል ዘር ተሰብስቦ እንዳይጠፋ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደ ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን ማለት ነው። ያን ጊዜ አገሩ በጦርነት ተይዞ ስለነበር የሰማው ሰው ብዙ አልነበረም።

ከሽልማቱ ቀጥሎ የመጣው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በአሜሪካ በታላላቅ ሐይቆቻቸው ውስጥ የሜዳ አህያ የመሰለ ቀለም ያለው አንድ ዛጎል ለባሽ ፍጥረት ገብቶ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸግራቸው ነበር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 በኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳለ እንዶድ በዚያ ላይ ተሞከረና ገደለው። ዩኒቨርሲቲውም የባለቤትነት ማረጋገጫ ጠይቆ በ1993 ተሰጠው። በፈልሳፊነት ከተመዘገቡት ሦስት ሰዎች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በዚህ ምክንያት የድሃ አገር ሰዎች ዕውቀት በወረቀት የሌላ ሰው ንብረት ሆነ ተብሎ በብዙ አገር ክርክር ተነሣ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። እኛን የታየን ሌላ ነው፤ የድሃ ሕፃናትን ወንዝ ለማጽዳት ሃያ ሰባት ዓመት የለመነው ፍሬ የሀብታም ቧንቧ ሲደፈን በሦስት ዓመት ወረቀት አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1997 አረፉ። ገና የ61 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ይህን የምንጽፈው እኛ እንኳ አልፈናቸዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያቋቋሙት ቤት በኋላ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። እንዶድ ግን እሳቸው እንዳሰቡት በየአገሩ ወንዝ ላይ የሚጨመር ነገር አልሆነም። ከሰባዎቹ ዓመታት ወዲህ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ተገኝቶ፣ በአንድ ቀን ተውጦ ትሉን የሚገድል ስለሆነ ዓለም ፊቱን ወደዚያ አዙሯል። በኛም አገር ለትምህርት ቤት ልጆች በዘመቻ ይታደላል። ክኒኑ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ክኒን የዋጠ ልጅ ነገ እዚያው ውሃ ውስጥ ከቆመ ተመልሶ ይያዛል፤ ቀንድ አውጣዋን የሚነካት የለምና። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 ይህን መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ከ251 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐይቃችን ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፊንጫዋና በቱሎ የትምህርት ቤት ልጆችን፣ በሐይቁም ላይ የሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎችን መርምረው ቢልሃርዝያ በብዙዎቹ ላይ አግኝተዋል። ቀንድ አውጣዋ ከዳር ባለው ሣርና ደንገል ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ማለት ልጆች በሚዋኙበት፣ ልብስና መኪና በሚታጠብበት፣ መረብ በሚጎተትበት ጥልቀት በሌለው ቦታ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያየ ሰው ይህን ማመን ይቸግረዋል፤ ግን እንደዚያ ነው።

ይህን ጉዳይ በስብሰባ ላይ ስናወራ አንድ አባላችን ተነሥተው እንግዲያው ዕድሩ ገንዘብ አውጥቶ እንዶድ ይግዛና ሐይቁ ላይ እንበትን የሚል አሳብ አቀረቡ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኛ ተቃወምን። ከላይ ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል። የአድዋው ውሃ ትንንሽ ወንዝ ነው፤ መጠኑ ታውቆ ይጨመራል፣ ይወርዳል፣ ይበተናል። ሐይቅ ሌላ ነው። ሙሉውን ሐይቅ ለማዳረስ የሚበቃ እንዶድ ከየት ይመጣል? ዳር ዳሩን ብቻ እናድርግ ቢባል ደግሞ ዓሣው ጫጩቱን የሚያሳድገው እዚያው ዳር ላይ ነው። በአሞራ ገደል ከዓሣ የሚተዳደረው ሕዝብ ምን ይብላ? ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ይህን አይመክሩም ብለን ተናግረን፣ አሳቡ ተመልሶ ተቀመጠ። እኚህ አባል ትንሽ ቅር እንዳላቸው እናውቃለን፤ በዚህ ጽሑፍ ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ አሳባቸው ከበጎ ልብ የመጣ ነበር። በምትኩ የተወሰነው ከውሃ ጋር የሚውሉ የአባላት ቤተሰቦች ጤና ጣቢያ ሄደው ዓይነ ምድራቸውን እንዲያስመረምሩ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ እንቁላሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ አንዱ ጎኑ ላይ እሾህ መሳይ ነገር አለው።

ይህን ጽሑፍ ለኮሚቴው ከመስጠታችን በፊት ወደዚያ ዓሣ አስጋሪ ባለቤት ቤት ሄደን ነበር። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለ ትሉና ስለ ቀንድ አውጣዋ የጻፍነውን አነበብንላቸው፤ ስለ ባላቸውም ያነሣነውን ሳንደብቅ አሰማናቸው። ስማቸው እስካልተጠራ ድረስ ይታተም ብለው ፈቀዱልን። ስላለፈው ሐሜት አንድም ቃል አላነሡም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ልጃቸው የአባቱን ሥራ ይዞ ሐይቅ ላይ ስለሚውል እሱን ወስደን እንድናስመረምርላቸው። ልጁ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ፤ ሆዱን አያመውም፣ ጤነኛ ነው። በሁለተኛው ቀን መጣልን። እንቁላሉ ተገኘበት። በክብደቱ ልክ ተቆጥሮ ክኒን ተሰጠውና እዚያው በፊታችን ዋጠ። ያን ቀን ትንሽ አዞረው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን መረቡን ይዞ ወርዷል።